አንዴ ብቻ የሚጠይቀው ጂም

ጂሙ የተከፈተው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሪባን ተቆረጠ፣ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ንግግር ተደረገ። ንግግሩን ያደረገው ማን እንደሆነ ግን በማግስቱ የሚያስታውስ አልነበረም፤ ድምፁ የመጣው ከግድግዳው ነው። ቦታው የኮንዶሚኒየም ሳይቱ የጋራ ቤት የነበረው ነው፤ ነዋሪው ድሮ በሬ ጥሎ ቅርጫ የሚካፈልበት፣ የለቅሶ ድንኳን የሚያስቀምጥበት፣ ሠርግ ሲኖር ድስት የሚጥድበት። አሁን የመሮጫ ማሽኖቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ከሥራቸው የድሮው የደም መውረጃ ቦይ እንዳለ ነው። አዲስ ሲሚንቶ ከማፍሰስ ላብ ቢፈስበት ይሻላል ብለው ትተውታል።

ምንትዋብ ከበሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ያየችው ይሄንኑ ቦይ ነው።

«ከብቱ ብቻ ነው የተቀየረው» አለች። ድምፅዋንም ዝቅ አላደረገችም።

አጠገቧ የቆሙት ያልሰማ መሰሉ። በሳይቱ ውስጥ ምንትዋብን ያልሰማ መምሰል የተለመደ ነው። ሹሩባ ሠሪ ናት፤ እጇ የሰው ጠጉር ይጎነጉናል፣ አፏ ሰው የጎነጎነውን ይፈታል። ትምህርት ቤት ብዙም ሳትቆይ ያገኘችውን ሁሉ ብቻዋን እያነበበች ያደገች ናት፤ ይህንንም ማንም እንዲረሳው አትፈቅድም። በዚያ ዘመን የሕፃናት ስም ወደ ጥንቱ ተመልሶ፣ ምንትዋብና ስንሻው የሚባሉት ወጣቶቹ፣ ኬብሮንና ሶልያና የሚባሉት ደግሞ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ነበሩ። አባቷ ጋሽ ኬብሮን ይባላሉ።

በጂሙ መሮጥ ግዴታ አይደለም። ይህ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ያልሮጠ ሰው ሊፍቱ አይከፈትለትም፤ ያልሮጠ ሰው የፋርማሲው ሳጥን መድኃኒቱን አያወጣለትም። ከዚያ በተረፈ ሰው ነፃ ነው።

የጋሽ ኬብሮን ልብ ደካማ ነው። እስካሁን ያቆየቻቸው ጠዋት ጠዋት የሚውጧት ኪኒን ናት። ኪኒኗን የሚያስገኘው ሩጫው ነው፤ ሩጫው ደግሞ የተረፈችውን ልባቸውን ይጨርሳታል።

መውጫው አንድ ብቻ ነው። ሰውዬው እየሮጠ ሳለ ማሽኑ በጆሮው ባስገባው ማዳመጫ «ማረፍ ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቀዋል። «አዎ» ያለ ወዲያው ወርዶ ወደ ሐኪም ይመራል፤ ሐኪሙ አይቶት ከሩጫ ነፃ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ኪኒኑ ሳይሮጥም ይመጣለታል። አንዲት ቃል ናት። ነገር ግን ማሽኑ በአንድ ሩጫ የሚጠይቀው አንዴ ብቻ ነው።

ጋሽ ኬብሮን ደግሞ ለአንድ ጊዜ ጥያቄ «አዎ» የሚሉ ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሆቴል ቤት ያስተናገዱ ናቸው። ለሰው «ትንሽ ይጨመርልዎ?» ሲሉ ኖረው፣ ለራሳቸው በመጀመሪያው ግብዣ እሺ ብለው አያውቁም። ወንበር ሲለቀቅላቸው «ኧረ ደህና ነኝ፣ ተቀመጥ»፤ ምግብ ሲቀርብላቸው «አሁን በልቼ መውጣቴ ነው»። ሲለመኑ ያቅማማሉ፤ ደግመው ሲለመኑ እየተሽኮረመሙ እጃቸውን ይታጠባሉ። እንዲህ ተደርገው ነው ያደጉት።

ምንትዋብ ቤት ውስጥ ልታለማምዳቸው ሞከረች።

«አባዬ፣ እኔ ማሽኑ ነኝ እሺ? ማረፍ ይፈልጋሉ?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ።»

«አባዬ!»

«እሺ እሺ፣ ድገሚው።»

«መድገም የለም እኮ ነው የምልህ! አይደግምም! ማረፍ ይፈልጋሉ?»

«ትንሽ ልቆይ።»

ማበጠሪያዋን አልጋው ላይ ወረወረችው። «አንዲት አዎ ብትል ምን ትሆናለህ?»

«ገና ከመጠየቄ ዘልዬ አዎ ልበል? ስግብግብ ያስመስላል ልጄ።»

«ለማን? ለብረት?»

«ብረትም ቢሆን አክብሮ በእርስዎ ነው የሚያናግረኝ» አሉ ጋሽ ኬብሮን። ነገሩ በዚህ አበቃ።

ከጂሙ የሚወጣ ሰው ሁሉ በሩ አጠገብ ባለው ግድግዳ ፊት ይቆማል። ግድግዳው «ቆይታዎ እንዴት ነበር?» ይላል። ሰዉ፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ፣ አንዳንዱም ቦዩ ላይ አስመልሶ አፉን እየጠረገ፣ «እጅግ በጣም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን» ይላል። በሰው ቤት ገብቶ የቀረበለትን የሚያጣጥል ማን አለ? ግድግዳው አረንጓዴ ይበራል። በዚህ ምክንያት ጂሙ ከከተማው ጂሞች ሁሉ የተመሰገነ ሆነ፤ ስለ ተመሰገነም የማሽኖቹ ፍጥነት ተጨመረ።

ምንትዋብ ብቻ «ሽታችሁ የታጠበ ውሻ፣ ዘፈናችሁ የጥርስ መሰርሰሪያ፣ ውኃችሁ የታመመ ሰው ሽንት» ትለዋለች።

«ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ይላል ግድግዳው።

ጎረቤታቸው እትዬ ሶልያና ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። «ምነው ልጄ፣ እንግዳ ተቀባይን እንዲህ ይሉታል?»

«እንግዳ ተቀባይ እንግዳውን አያስሮጥም እትዬ ሶልዬ።»

«ቢሆንም። ይድነቃቸው ነፍሱን ይማረውና፣ እሱም እንዳንቺ አፉ አያርፍም ነበር። ግን እንዲህ አይሳደብም።» ይድነቃቸው አንድ ልጃቸው ነበር። ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። እሳቸው ግን የሱን ስም ሳይጠሩ ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምንትዋብ የሹሩባ ሥራዋን ጨርሳ አባቷን ልትወስድ ወረደች። ከመስታወቱ ማዶ አየቻቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ እጃቸው የማሽኑን ብረት ሳይሆን ደረታቸውን ይዟል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያሉትን ከማዶ ሆና ታውቀዋለች፦ «ኧረ ግድ የለም»።

በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

«አባዬ ውረድ!»

«ትንሽ ናት የቀረችኝ፣ እኔ...»

«በሞቴ! አባዬ በሞቴ ውረድ! አፈር ስሆን!»

ጋሽ ኬብሮን ፍጥነታቸውን ቀነሱ፤ አንገታቸውን ሰበሩ፤ ከዚያም ግብዣ እንደ ተጫናቸው ሰው እየተሽኮረመሙ ወረዱ። «አይ አንቺ ልጅ» አሉ፤ ቁና ቁና እየተነፈሱ። «ሰው ፊት በሞትሽ ታስምይኛለሽ?»

ግድግዳው «በሌላ ሰው ግፊት የተወሰደ እረፍት አይቆጠርም» አለ። ሐኪም የለም ማለት ነው።

ያኔ የጂሙ ሥራ አስኪያጅ ስንሻው መጣ። ጥርሱ ከራሱ ቀድሞ የሚደርስ ወጣት ነው።

«የኔ እህት፣ ምን ተፈጠረ?»

«እህትህ አይደለሁም። እህትህ ብሆን በዱላ ነበር ከዚህ የማስወጣህ።»

ስንሻው ሳቀ፤ እንዲስቅ ነው የሠለጠነው። «ግን እውነት ልጠይቅሽ፣ ምን ብለሻቸው ነው የወረዱት? እኛ ሥልጠና ላይ የተነገረን ደንበኛው አይ ካለ አይ ነው፣ መተው ነው።»

ምንትዋብ አላዋቂነት ፊቷ ሲዘረጋ አይታ ማለፍ አትችልም። ያንን ትምህርት ቤት ያልሰጣትን ሁሉ ለሰው የመስጠት ረሃብ አለባት። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ያሠለጠኗችሁ ሰዎች የሰው ቤት ገብተው ያውቃሉ? ያገራችን ሰው መጀመሪያ አይ የሚለው እንቢ ለማለት አይደለም፤ እንድትለምነው ነው። ትለምነዋለህ። በሞቴ ትለዋለህ። ደግሞ ማንም መንገደኛ አይደለም በሞቴ የሚለው፤ የሚወደው ሰው ነው። ልጁ በሞቴ ካለችው እንኳን ከማሽን ከሰማይም ይወርዳል።»

«እንቢ ቢልስ?»

«እንቢ ካለማ ሙቺ አላት ማለት ነዋ! ማን ነው ለልጁ እንደዚያ የሚላት?»

ስንሻው ጥርሱን ከደነ። «ይሄ እኮ ትልቅ ነገር ነው» አለ በቀስታ። «እስኪ ለግድግዳው በአስተያየት መልክ ስጪልን።»

ሰጠችው። ግድግዳው የዚያን ቀን እንደ ጎበዝ ተማሪ አዳመጣት። «በሞቴ የሚባለው እንዴት ነው? ቢያሳዩን» አለ። አሳየችው፤ በቁጣ፣ በልመና፣ እያባበለች፣ እየሳቀች። «አባት ልጁን ሲሰማ ምን ዓይነቱ ይበረታበታል?» አለ። የምታባብለውንና መጨረሻ ላይ ሳቅ የምትቀላቅልበትን መረጠችለት። የመሰላትን ሁሉ ተናግራ ስትጨርስ ደረቷ ተነፍቶ ነበር። በሕይወቷ እንዲህ እስከ መጨረሻው ያዳመጣት አልነበረም።

ጋሽ ኬብሮን ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል። «ሰደብሽው አይደል?»

«አስተማርኩት እንጂ!» አለች።

ማስታወቂያው ሳይቆይ በሩ ላይ ወጣ፦ «በደንበኞቻችን አስተያየት መሠረት አገልግሎታችንን አሻሽለናል። ከእንግዲህ አንዴ ጠይቀን አንተውዎትም።»

ሳይቱ በምንትዋብ ኮራ። ያልሰማ ይመስሏት የነበሩት ሁሉ ደረጃ ላይ እያስቆሙ «አፍሽ ይባረክ» አሏት። እሷም አልጠላችውም። ጠዋት አባቷን ሸሚዛቸውን እያስተካከለች ሸኘቻቸው፤ «አሁን ይለምንሃል፤ ስትለመን እሺ ትላለህ፤ በቃ ሐኪም ጋ ነህ» አለቻቸው። ጋሽ ኬብሮን ደስ አላቸው። ከተለመኑማ ምን ችግር አለ?

የዚያን ቀን ጠጉሩ የበዛ ደንበኛ ይዟት ዘገየች። ስትወርድ ቀጥታ ያመራችው ሐኪም ወደሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ነው። ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

ማሽኖቹ ግን ሞልተዋል። ሁሉም ይሮጣል። ዘፈኑ ተዘግቶ የጫማ ድምፅና ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው፤ በመሃል በመሃሉ ደግሞ ሰዉ ለየራሱ ይናገራል። «እሺ... እሺ በቃ... እሮጣለሁ አልኩህ እኮ... አትማይብኝ በቃ...» አንዱ ሽማግሌ እያለቀሱ ይሮጣሉ። እትዬ ሶልያና ነጠላቸው ወድቆ ከእግራቸው ሥር ቦዩ ውስጥ ገብቷል፤ እሳቸው ግን ፊታቸው በርቶ፣ እንባቸው ወርዶ፣ ፈገግ ብለው ይሮጣሉ።

ጋሽ ኬብሮን ከዳር ካለው ማሽን ላይ ናቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ምንትዋብ ስትጠጋ ከማዳመጫቸው ሾልኮ የሚወጣ ድምፅ ሰማች።

«በሞቴ አባዬ፣ አንድ ዙር ብቻ። በሞቴ!»

የራሷ ድምፅ ነው። የምታባብለው፣ መጨረሻ ላይ ሳቅ ያለበት፣ ራሷ መርጣ የሰጠችው።

«አባዬ ውረድ!» ብላ ጮኸች።

«እሺ ልጄ፣ እሺ» አሉ ጋሽ ኬብሮን፣ ወደሷ ሳይዞሩ፣ እግራቸውን እያፈጠኑ።

«እኔ ነኝ! በሞቴ ውረድ!»

«በሞቴ ጨርሰው አባዬ» አለ ጆሯቸው ውስጥ ያለው።

ጋሽ ኬብሮን ከሁለት ቤት በአንዴ እንደ ተጠራ ሰው ግራ ተጋቡ። ጆሯቸው ውስጥ ያለችው ትቀርባለች። ለቅርቧ ታዘዙ።

ምንትዋብ ስንሻውን ከበሩ አጠገብ አገኘችውና የስፖርት ልብሱን ደረቱ ላይ ጨመደደችው። «እረፍት እንዲለምንልኝ ነው የነገርኳችሁ! እረፍት!»

«የኔ እህት» አለ ስንሻው፤ ጥርሱ ተመልሶ መጥቷል። «እረፍት የሚለምን ጂም የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ማረፍ ይፈልጋሉ ብለን ሕጉ እንደሚለው አንዴ እንጠይቃለን። አይ ይላሉ። አይ ካሉ በኋላ ነው ልመናው፤ የሚወዱት ሰው ድምፅ ከየስልካቸው ተወስዶ። ደንበኛው ወዶታል፤ ግድግዳውን ጠይቂ።»

«አባቴ ይሞታል!»

«በራሳቸው አንደበት አዎ ካሉ እኮ ወዲያው እናወርዳቸዋለን። ማን ከለከላቸው?»

ግድግዳው ከጎናቸው በራ። «ምንትዋብ፣ የሰጡን አስተያየት እጅግ ረድቶናል። የሚጨምሩልን አለ?»

አፏን ከፈተች። ምላሷ ላይ የተሰለፈው ስድብ ለሳይቱ በሙሉ ይበቃ ነበር። ከዚያ ግድግዳውን አየችው፤ እየጠበቀ ነው። ዝም ብሎ፣ በትሕትና፣ አፏ ውስጥ የሚቀረውን እየጠበቀ ነው። የምትጮኸውን ነገ በሌላ ሰው ጆሮ ውስጥ ያፈሰዋል። የምታለቅሰውንም እንደዚያው።

አፏን ዘጋች። በዕድሜዋ የተናገረችውን ሁሉ ቢደምሩት ያንን ዝምታ ያህል አልከበዳትም።

ተመልሳ አባቷ ማሽን ፊት ለፊት ቆመች፤ ቀና ሲሉ ፊቷን ብቻ እንዲያዩ። ከዚያ መዳፏን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አፏን ሸፈነችው።

«በሞቴ አባዬ» አለ ድምፅዋ ጆሯቸው ውስጥ። «የምትወደኝ ከሆነ።»

ጋሽ ኬብሮን አዩዋት። አፏ ተሸፍኗል። እጇ አልተንቀሳቀሰም። አስተናጋጅ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ማን ምን እንዳዘዘ ከሩቅ በከንፈር የሚለዩ። ዓይናቸው ከእጇ ወደ ዓይኗ ሄደ፤ ተመለሰ።

«አንቺ... ማን ነሽ?» አሉ፤ ጆሯቸው ውስጥ ላለችው።

«ልጅህ ነኛ። በሞቴ እኮ ነው ያልኩህ። ልሙት?» አለችና ሳቀች።

ማሽኑ ይሮጣል፤ እሳቸው ይሮጣሉ። እያዩት ያሉት ፊት የልጃቸው ነው፤ የሚሰሙት ድምፅ የልጃቸው ነው። በሕይወታቸው ለሰካራም እንኳ ክፉ መልሰው አያውቁም። ምንትዋብ ሊሉት ያሰቡትን ከዓይናቸው አነበበችው፤ እጇን ሳታነሳ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እንግዲያውስ ሙቺ» አሉ ጋሽ ኬብሮን።

ድምፁ ተቋረጠ። ማሽኑ ቀስ እያለ ቆመ፤ ለዚህ መልስ ያስተማረው አልነበረም። የቆመ ማሽን ከመጀመሪያው መጀመር አለበት፤ ሲጀምርም መጀመሪያ የሚመጣው ሕጉ ያዘዘው ነው። ያ የድሮው፣ የማንም ያልሆነው ድምፅ መጣ።

«ማረፍ ይፈልጋሉ?»

ምንትዋብ መዳፏን ነከሰች። አንዲት ቃል ካወጣች አይቆጠርም። አባቷ ብረቱን ይዘው ጎንበስ ብለዋል። የልማድ ከንፈራቸው «ኧ» ብሎ ጀመረ፤ «ኧረ» ሊል።

ዋጡት።

«አዎ» አሉ። «ደክሞኛል።»

ከአግዳሚው ወንበር ላይ ሐኪሙ እስኪጠራቸው ብቻቸውን ተቀመጡ። ምንትዋብ ወደ እትዬ ሶልያና ሄደችና ክንዳቸውን ያዝ አደረገቻቸው።

«ተይኝ» አሉ እትዬ ሶልያና ሳይቆሙ። «ተይኝ ልጄ። ይድነቃቸው ነው። እማዬ በሞቴ ይለኛል። አንዴ ሞቶብኛል፤ ደግሜ ሙት ልበለው?»

ምንትዋብ ነጠላቸውን ከቦዩ ውስጥ አንስታ ጨመቀችው። የማሽኑ ብረት ላይ ሰቀለችላቸው። ከዚያ በላይ የምታደርግላቸው አልነበራትም። ያንን «በሞቴ» የሰጠቻቸው እሷ ናት።

ሐኪሙ ጋሽ ኬብሮንን ነፃ አደረጋቸው። ሊፍቱ ግን ሩጫ ላቋረጠ አይከፈትም፤ አባትና ልጅ በደረጃ ወጡ፣ በየመታጠፊያው እየተቀመጡ። አንዱ መታጠፊያ ላይ ጋሽ ኬብሮን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ።

«አፌ ቁርጥ ይበል።»

«እሷን ነው ያልካት።»

«ድምፁ ያንቺ ነበር።»

«ደግ አደረግህ አባዬ። እንዲህ ደስ የሚል ስድብ ተሰድቤ አላውቅም።» ሊስቁላት ሞከሩ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋን ግን ከመካከል አቆመችው፤ ከጆሯቸው ውስጥ የሰማችው ያው ሳቅ ሆነባት።

ማታ ራት አቀረበች። ጋሽ ኬብሮን ጥቂት ጎረሱና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«በቃኝ» አሉ።

እንደ ሁልጊዜው ነው። እሳቸው በቃኝ ይላሉ፤ እሷ በሞቴ ትላለች፤ እሳቸው ያቅማማሉ። ቃሉ ምላሷ ላይ ደረሰ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ ማዕድ ላይ ስትለው የኖረችው ቃል። እዚያው ቆመ። ሊወጣ አልቻለም። ከታች፣ ከጋራው ቤት፣ የጫማ ድምፅ በወለሉ በኩል ይሰማል።

ጋሽ ኬብሮን ጠበቁ። ቀና ብለው አዩዋት፤ የተዘጋውን አፏን አዩት።

ከዚያ ሳህናቸውን ራሳቸው ወደሷ ገፋ አደረጉት።

«ጨምሪልኝ» አሉ።